በባሕር ዳር ለሽያጭ የቀረበ የ1950ዎቹ ዘመናዊ ቤት ልቤን ወስዶታል፤ ከመግዛቴ በፊት ምን ልመርምር?

ጥያቄ፦ ከ«ጣና ዳር»

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣

እኔና ባለቤቴ ባሕር ዳር ውስጥ የመኖሪያ ቤት ስንፈልግ ቆይተናል። ካየናቸው ቤቶች የሚበዙት በቅርብ ዓመታት የተሠሩ፣ ፊታቸው በሴራሚክና በሰማያዊ መስታወት የተለበጠ፣ ግቢያቸው እስከ አጥሩ ድረስ በሲሚንቶ የተሸፈነ ናቸው። በቅርቡ አንድ ደላላ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ነባር ሠፈር የሚገኝ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ ፎቅ የሌለው ቪላ አሳየን፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት ለማየት ልቤ አልፈቀደም።

ቤቱ ዝቅ ብሎ በስፋት የተዘረጋ ነው። ጠፍጣፋው ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያው) ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ስለወጣ በረንዳው ያለ ምሰሶ ጥላ አለው። ከዋናው በር በስተግራ በጥቁር ድንጋይ የተገነባ ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው በሩ ዘንድ አያበቃም፤ ከውጭ ጀምሮ መስታወቱን አልፎ ወደ ሳሎን ይገባና እስከ መመገቢያ ክፍሉ ድረስ ይዘልቃል። ድንጋዮቹ በመጠን ቢለያዩም መጋጠሚያቸው ቀጭንና እኩል ነው፤ ግንበኛው እያንዳንዱን ድንጋይ አገላብጦ፣ ጠርቦና ለክቶ እንዳስቀመጠው በግልጽ ይታያል። ሳሎኑ በሰሜን በኩል፣ ማለትም በሐይቁ አቅጣጫ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በመስታወት የተከፈተ ሲሆን ውኃው በዛፎቹ መካከል በጥቂቱ ይታያል። ወለሉ ነጭና አረንጓዴ ጠጠር ያለበት ቴራዞ ነው። በመኝታ ክፍሎቹ መተላለፊያ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ የዋንዛ ቁም ሳጥን አለ፤ መዝጊያዎቹ እጀታ የላቸውም፤ በምትኩ በእንጨቱ ጠርዝ ላይ ጣት የሚገባበት ቦይ ተፈልፍሏል፤ ቦዩም ከብዙ ዘመን አገልግሎት የተነሣ ለስልሷል።

ጉድለቶቹንም አይቻለሁ። በመተላለፊያው ኮርኒስ ላይ ቡናማ የውኃ ምልክት አለ። ከበረንዳው በላይ በአንድ ማዕዘን ኮንክሪቱ ተገምሶ የዛገ ፌሮ ይታያል። የብረት መስኮቶቹ በግድ ይከፈታሉ። ከኋላ ያለው የሠራተኛ ቤት ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ ሳይሆን ወፍራም፣ ግራጫ፣ ሸንተረር ያለው ነገር ነው። ሻጮቹ የመጀመሪያው ባለቤት ልጆች ሲሆኑ ከመካከላቸው ውጭ አገር የሚኖሩ አሉ።

ባለቤቴ ቤቱን አልጠላውም፤ ሆኖም በዚህ ገንዘብ አዲስ ባለ አንድ ፎቅ ቤት መግዛት እየቻልን የሚያፈስ ጣሪያ መግዛቱ ያሳስበዋል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ዋጋው የቦታው ነው፤ ቤቱ ፈርሶ ሌላ ይሠራበታል ይላል። ይህ ሐሳብ እጅግ ያሳዝነኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት የምታውቁ፣ መዳን የሚችል መሆኑን እንዴት እንደምለይና ከመፈረሜ በፊት ምን ምን ማጣራት እንዳለብኝ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ከ«የሕንፃ መሐንዲሱ»

እህቴ፣ የገለጹልን ቤት ሊወደድ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱን በሙያዬ ላስረዳ።

ባሕር ዳር የዛሬ መልኳን መያዝ የጀመረችው በዚያው ዘመን ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም.፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ጀርመናዊው ማክስ ጉተርም የከተማዋን መሪ ፕላን ያዘጋጁት በእነዚሁ ዓመታት ነው። በአዲስ አበባ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፉት የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ ስለነበር፣ ኮንክሪትንና ሰፊ መስታወትን አዋሕዶ መሥራት ለዘመኑ ባለሙያዎች እንግዳ ነገር አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ ግን መስታወቱ ወደ ሰሜን መዞሩ ነው። ባሕር ዳር በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል በ55 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለምትሆን፣ በደቡብ ግድግዳ ላይ ያለን የሁለት ሜትር መስኮት በቀትር ሙሉ በሙሉ ለመጋረድ 1.40 ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ ጣሪያ ያስፈልጋል። በሰሜን በኩል ግን የቀትር ፀሐይ የምትመጣው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያኔም ከፍታዋ ከ78 ዲግሪ ስለማይወርድ ትንሽ ጥላ ይበቃል። በዚህ ላይ ከእነዚህ ወራት የሚበልጡት ደመናማዎች ናቸው። ቤቱን የነደፈው ሰው የሐይቁን እይታና ቀዝቃዛውን አቅጣጫ በአንድ መስታወት አግኝቷቸዋል። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ መስኮት ጥቂት ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ሰውየው ሥራውን አጥብቆ የሚያውቅ እንደነበረ ይረዱ።

አሁን ወደ ጣሪያው ልግባ፤ የቤቱ ዕድል የሚወሰነው እዚያ ነውና። አዲስ ኮንክሪት በውስጡ ያለውን ፌሮ ከዝገት የሚጠብቅ የአልካሊነት ባሕርይ አለው። በዘመናት ብዛት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይህን ባሕርይ ያጠፋዋል። ይህ ለውጥ ፌሮው ዘንድ ሲደርስና እርጥበት ሲጨመርበት ፌሮው ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይገምሰዋል። በማዕዘኑ ያዩት ይህ ነው። ጥያቄው ጉዳቱ በዚያች ማዕዘን ብቻ የተወሰነ ነው ወይስ በሶሌታው ሁሉ ተሰራጭቷል የሚለው ነው።

ይህን ለመለየት ሁለት ቀላል ምርመራዎች አሉ። አንደኛው ሶሌታውን ከታች በትንሽ መዶሻ እየደበደቡ ድምፁን ማዳመጥ ነው፤ ደህናው ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ከውስጥ የተላቀቀው ባዶ እንደሆነ ነገር ያስተጋባል። ሁለተኛው አዲስ በተሰበረ የኮንክሪት ፊት ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ መርጨት ነው፤ አልካሊነቱ ያለበት ክፍል ሮዝ ይሆናል፣ ያጣው ቀለሙን አይለውጥም። ቀለም ያልያዘው ክፍል ውፍረት ፌሮው ዘንድ ደርሶ እንደሆነ በማስመሪያ መለካት ይቻላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎት። በሁለት ግድግዳ መካከል የተዘረጋ ሶሌታ ዋናው ፌሮው በታችኛው ፊቱ ላይ ነው። ከግድግዳ ወደ ውጭ የወጣ፣ ምሰሶ የሌለው ሶሌታ ግን ሸክሙን የሚይዘው በላይኛው ፊቱ ባለው ፌሮ ነው። ስለዚህ በረንዳውን ከታች ብቻ አይቶ መፍረድ አይበቃም። ባለሙያው ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ ከግድግዳው መስመር በላይ ሶሌታው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቦታ ላይ ስንጥቅ መኖሩንና ውኃ የሚተኛበት መሆኑን መመርመር አለበት። በዚያ መስመር ላይ ረዥም ስንጥቅ ካለ የማዕዘኑ ጉዳት ከሚያሳስብዎ ይልቅ ይህ ያሳስብዎ።

በመተላለፊያው ያለው ምልክት ግን ከተዘጋ አሸንዳ ወይም ካረጀ ሬንጅ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ያን ያህል አያስፈራኝም። ቢቻል ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ዝናብ መካከል ይዩት። በሶሌታው ላይ የውኃ ታንከር ተቀምጦ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ሁለት ሺህ ሊትር ውኃ ሁለት ሺህ ኪሎ ነው፤ የቀድሞው ባለሙያ ይህን ሸክም አስቦ ላይሆን ይችላል።

የሠራተኛ ቤቱ ጣሪያ እንደ ገለጻዎ ኤተርኒት ይመስለኛል። በዚያ ዘመን የተሠራው ኤተርኒት አስቤስቶስ የሚባል ቃጫማ ማዕድን ስላለበት ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው። ካልተሰበረ በዚያው ይቆይ፤ መነሣት ካለበት በመጋዝ ሳይቆረጥና ሳይሰባበር፣ ውኃ እየተርከፈከፈበት፣ በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይነሣ።

ከላይ ጣሪያውን ለዘለቄታው ለማዳን፣ በሶሌታው ላይ ቀላል የብረት ማዋቀሪያ አቁሞ ቆርቆሮ መምታት ርካሽና አስተማማኝ መንገድ መሆኑንም እጨምራለሁ።

መልስ፦ ከ«የሕግ ባለሙያ»

ወንድማችን ስለ ኮንክሪቱ በሚገባ ስለተናገሩ እኔ ስለ ሰነዱ ልናገር። በዚህ ዕድሜ ባለው ቤት ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ቤቱ ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. በኋላ ምን ሆነ የሚለው ነው።

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን የታወጀው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ብቻ እንዲይዝ ሲፈቀድለት ሌላው ትርፍ ተብሎ ተወረሰ፤ ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው በኪራይ ቤቶች እንዲተዳደር ተደረገ። ስለዚህ ወራሾቹ ቤቱ በጊዜው ለመኖሪያነት ለአባታቸው የተተወ ወይም በኋላ በሕጋዊ ውሳኔ የተመለሰ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሊያቀርቡልዎ ይገባል። የሠራተኛ ቤቱንም ለይተው ይጠይቁ፤ ዋናው ቤት ለባለቤቱ ቀርቶ በግቢው ያለው ሌላ ቤት በቀበሌ የተያዘበት ሁኔታ አለና።

ቀጥሎ የወራሽነት ጉዳይ ይመጣል። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫው ላይ ስማቸው የሰፈረ ሁሉ መፈረም አለባቸው። ውጭ አገር ያሉት በወኪል የሚፈርሙ ከሆነ፣ አጠቃላይ ውክልና አይበቃም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ስለሚያስፈልግ፣ ቤቱን የመሸጥ ሥልጣን በውክልናው ላይ በግልጽ ተጽፎ መገኘት አለበት። ባለትዳር የሆኑ ሻጮች ካሉ የትዳር ጓደኛ ስምምነት የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑም ይጣራ።

በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ደላላው ቤቱ እንዳያመልጥዎ ብሎ ዛሬውኑ በወረቀት ተፈራርመው ገንዘብ እንዲከፍሉ ቢገፋፋዎ፣ እባክዎ አይቀበሉ። ቀብድ መስጠት ግድ ከሆነ በአንቀጽ 1885 የተደነገገውን ይወቁ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። የምርመራው ውጤት ሳይታወቅ ቀብድ ከሰጡ በኋላ ሶሌታው የማይድን ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ እንዳይቀርብዎ፣ ይህን የሚመለከት ሐሳብ በስምምነቱ ላይ ያስጽፉ።

ስለ ቦታውም አንድ ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ ቦታ) ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ ሥርዓት እንደሚይዘው ደንግጓል። ስለዚህ ስም ሲዛወር የሚከፈለውን፣ አሁን በሥራ ላይ ባለው ሕግና መመሪያ መሠረት፣ ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርበው በጽሑፍ ይረዱ፤ የቤቱን ዋጋ ሲያሰሉም ይጨምሩት። እዳና እግድ አለመኖሩንም በዚያው ያረጋግጡ። ቤቱ ለሐይቁ ቅርብ በመሆኑ ደግሞ በከተማው ፕላን ላይ በአረንጓዴ ቦታ፣ በሐይቁ ዳርቻ ጥበቃ ክልል ወይም በመንገድ ማስፋፊያ ውስጥ መውደቅ አለመውደቁን ይጠይቁ፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ይህ ጥያቄ ክብደት አለው።

መልስ፦ ከ«የዘንባባ ጥላ»

የተከበሩ እህቴ፣ እኔ ወላጆቼ በተዉልኝ ተመሳሳይ ቤት ውስጥ ስለምኖር፣ ቤቱ ሲኖሩበት ምን እንደሚመስል ልንገርዎት።

ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ስለሚነፍስ በሰሜን በኩል መስኮት ተከፍቶ በደቡብ በኩልም መውጫ ካገኘ፣ በሚያዝያ ሙቀት እንኳ ያለ ማራገቢያ መቀመጥ ይቻላል። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ከጣሪያው ሥር ወይም በመተላለፊያው ጫፍ ላይ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት የተደረደረበት ግድግዳ የሚገኘው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አቧራና ትንኝ አስገባብኝ ብሎ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ ቤቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይታፈናል። ባሕር ዳር የወባ አገር ስለሆነች ትንኙን መፍራት ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ከውስጥ በኩል ወንፊት መግጠም ነው።

ቴራዞውን ሴራሚክ አያልብሱት፤ ይህን በልመና ነው የምጽፈው። የደበዘዘ ቴራዞ በማሽን ተፈግፍጎ ሲወለወል ጠጠሩ እንደገና ይወጣል፤ ሴራሚክ ከስድሳ ዓመት በኋላ እንዲህ ዓይነት ዕድል አይሰጥም። በአሲድ ወይም በኮምጣጤ ግን አይታጠብ፤ ሲሚንቶውንና እብነ በረዱን ይበላዋል። የብረት መስኮቶቹም በግድ መከፈታቸው አያሳስብዎ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያግዳቸው በላይ በላይ የተቀባው ቀለም ነው። ቀለሙ ተፍቆ፣ ማጠፊያው ተጠርጎና ዘይት ተቀብቶ የሚድን መስኮት ወፍራም አሉሚኒየም ከተተካበት፣ የወደዱት ቀጭን መስመር አብሮ ይሄዳል። የውኃና የኤሌክትሪክ መስመሩ ግን ከሥሩ መለወጥ አለበት። አሮጌው የብረት ቧንቧ ውስጡ በዝገት ይጠባል፤ አሮጌው ሽቦም የመሬት መስመር አይኖረውም። ለዚህ ገንዘብ አስቀድመው ይያዙ።

በአጠገቡ ያለውን ቦታም ይመልከቱ። በሰሜን በኩል ያለው ጎረቤት ምን ያህል ፎቅ እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት ሳይጠይቁ የሐይቁን እይታ ከዋጋው ጋር አይደምሩት።

በአንድ ነገር ግን ከመሐንዲሱ ወንድሜ ጋር አልስማማም። በጠፍጣፋ ሶሌታ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ መምታት ውኃውን ያቆማል፤ ቤቱን ግን ሌላ ቤት ያደርገዋል። ያ ዝቅ ያለ ረዥም መስመር ሲጠፋ እህታችን የወደደችው ነገር ከሥሩ ይጠፋል። በእኛ ቤት አሮጌው ሬንጅ ተነሥቶ፣ ውኃው ወደ መውረጃው እንዲሄድ ተዳፋቱ በስስ ሲሚንቶ ከተስተካከለ በኋላ አዲስ የሬንጅ ምንጣፍ በእሳት ተለጥፎበታል፤ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ቅጠሉን እየጠረግን መውረጃዎቹን እንከፍታለን፤ አያፈስም።

መልስ፦ ከ«የሕንፃ መሐንዲሱ»

የእህቴን ተቃውሞ እቀበላለሁ። ቆርቆሮውን ያነሣሁት በዋጋው ምክንያት ነበር፤ ሶሌታው ደህና ሆኖ ከተገኘና በየዓመቱ የሚከታተለው ሰው ካለ የሬንጅ ምንጣፉ ይሻላል። ተዳፋቱ የሚስተካከልበት ሲሚንቶ ግን ክብደት ስላለው፣ በተለይ ወደ ውጭ በወጣው ክፍል ላይ፣ ውፍረቱ በስሌት ይወሰን።

ከ«ጣና ዳር»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምዕራቡ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ድንጋይ መሆኑን፣ በመተላለፊያው ጫፍ ያለው ባለ ቀዳዳ ግድግዳም በሲሚንቶ መደፈኑን ካነበብኩ በኋላ ፎቶዎቹን አይቼ አረጋግጫለሁ። ባለቤቴም መልሶቻችሁን አንብቦ፣ የ1967ቱ ሰነድና የወራሾቹ ውክልና ከተሟላ ለምርመራው የሚከፈለውን ገንዘብ ለማውጣት ተስማምቷል። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ገና ገዢ ሳልሆን ሶሌታውን በመዶሻ ማስደብደብና ኮንክሪት ማስሰበር ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ ከ«የሕንፃ መሐንዲሱ»

መደብደቡ ምንም ጉዳት ስለማያደርስ በቃል ፈቃድ ይበቃል። ለፌኖልፍታሊኑ ግን አስቀድሞ የተገመሰው ማዕዘን እያለ ሌላ ደህና ቦታ መስበር በቅድሚያ አያስፈልግም፤ ከዚያው ጠርዝ ትንሽ ተፈልፍሎ አዲስ ፊት ይወጣለታል። ከላይ በኩል በግድግዳው መስመር አንድ ቦታ መክፈት ካስፈለገ፣ ሬንጁ ስለሚቀደድ፣ ወራሾቹ በጽሑፍ እንዲፈቅዱ፣ እርስዎም በዚያው ቀን መልሰው እንደሚያስደፍኑ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡላቸው እመክራለሁ።

መልስ፦ ከ«የሕግ ባለሙያ»

ፈቃዱን የሚፈርመው ደላላው ሳይሆን ከወራሾቹ አንዱ ወይም ሕጋዊ ወኪላቸው ይሁን፤ የምርመራው ወጪ የማን እንደሆነም በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር።